አያ ጅቦ በኩልመስክ

ከላሊበላ ወደ ድልብ የሚወስደው መንገድ ኩልመስክን አቋርጦ ያልፋል። በስተሰሜን ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ የሆነው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ተከዜም የሚነሳው ከእነዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። ቀን ቀን አገሩ የገብስ ማሳና የከብት መንጋ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ብርዱ ይጠናል፤ ልጆች ወደ ምድጃው ይጠጋሉ፤ ከገደሉ በኩል የጅብ ጩኸት ይሰማል። ተረት የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በተረቱ ውስጥ ሰው በላው ጭራቅ አለ፤ ዘንዶም አለ። ከሁሉም የሚቀርበው ግን ጅብ ነው። ስሙ እንኳ በአክብሮት ነው የሚጠራው፦ አያ ጅቦ። «አያ» በገጠር ታላቅ ወንድም ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው የሚጠራበት ቃል ነው።

ተረቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። ጅብ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላል። ከታች ያለ ከላይ ያለውን ውሃ እንዴት ያደፈርሳል? አህያዋም ነገሩ ገብቷት «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ትላለች። የአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ ተረት ትልቅ ነገር ይማራል፦ ሊጎዳ የመጣ ሰው ምክንያት አያጣም።

በሰሜን ካናዳ በረዶ ላይ የሚኖሩት ኢኑይቶችም ቃሉፒሉክ ስለሚባል የባሕር ፍጡር ለልጆቻቸው ይተርካሉ። በረዶው በሚሰነጠቅበት ዳር የሚጫወትን ልጅ ጎትቶ ይወስዳል ይባላል። የእነሱ በረዶ ነው፤ የላስታ ደግሞ ገደሉ፣ በክረምት የሚሞላው ወንዝና የሌሊቱ ጅብ ነው። በሁለቱም አገር አስፈሪው ፍጡር የሚቆመው እውነተኛው አደጋ ካለበት ቦታ ነው። ልጁ ፈርቶ የሚርቀው ሊርቀው ከሚገባው ነገር ነው።

ችግሩ የሚመጣው አስፈሪውን ያለቦታው ስናቆመው ነው። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት «ዝም በል፣ አለዚያ ሲስተር መርፌ ትወጋሃለች» እየተባሉ ያደጉ ብዙ ሕፃናት አይቻለሁ። ነጭ ጋዋን ሲያዩ ጉሮሯቸውን ለማሳየት አፋቸውን አይከፍቱም። ባሰ ሲልም ጆሯቸውን እያመማቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ትኩሳቱ እስኪያይል ሕመማቸውን ይደብቃሉ። እርዳታ ካለበት ቦታ ጭራቅ አቆምንባቸው ማለት ነው። በፖሊስ ማስፈራራትም ያው ነው፤ የጠፋ ልጅ ወደ ማን ይሂድ?

ሌላም ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደርሶ ነበር። የመሣሪያ ድምፅ የሰማ ልጅ አዲስ ፍርሃት አያስፈልገውም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ተረቱ አጭር ይሁን፤ አቅፋችሁ ንገሩት፤ መጨረሻው ላይ ጅቡ ተሸንፎ ይሂድ። ሲፈራ ካያችሁት አቁሙ፤ የቀረው ነገ ይደርሳል።

ለሌሎቹ ልጆች ግን ተረቱን አታለስልሱት። ስትጨርሱ ብቻ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህንን ጥያቄ ኩልመስክ ውስጥ ስለ አህያዋ ለተሰበሰቡ ልጆች አቅርቤ ነበር። አንዱ «እረግጠው ነበር» አለ፤ ሌላው «እሮጥ ነበር» አለ። ዝም ብላ ስታዳምጥ የቆየች ትንሽ ልጅ ግን «መጀመሪያውኑ ብቻዋን ለምን ወረደች?» አለች። አያቷ ሳቁና፣ ከነገ ጀምሮ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ከጎረቤት ልጆች ጋር እንድትሄድ ነገሯት።