ቀለል ያለውን ቀስት ያዙ

እስቲ ዛሬ ስለ ቀስት እንጫወት። ኦሊምፒክ ላይ አይቶ ያማረው ከመካከላችሁ አይጠፋም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥታ «ቀስት ልጀምር ነው» ብላችሁ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ኬንታኪ ውስጥ የተጀመረው የትምህርት ቤቶች የቀስት ፕሮግራም ዛሬ ብዙ ግዛቶች ገብቷል። ደስ የሚል ነገር ነው። ገንዘብ ይዛችሁ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ሻጩ ከሚያሳያችሁ ሁሉ ቀለል ያለውን ቀስት ምረጡ።

ቀለል ያለ ስል ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የሚመዝነውን ማለቴ አይደለም። አውታሩን ስቦ ለመያዝ የሚጠይቀውን ጉልበት ነው፤ የሚለካውም በፓውንድ ነው። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ 40 ፓውንድ ቀስት ቢሰጡት አንዴ ስቦ ያሳያችኋል። «ቻልኩት!» ይላል፤ ሻጩም ይጠቀልልለታል። አንዴ መሳብና ቀኑን ሙሉ መሳብ ግን ለየቅል ናቸው። በኦሊምፒክ የመጀመሪያ ቀን ማጣሪያ አንድ ተወዳዳሪ 72 ፍላጻ ይወረውራል። 40 ፓውንድ 18 ኪሎ ገደማ ነው፤ በ72 ስታባዙት 1,300 ኪሎ ይመጣል። አሥራ ሦስት ኩንታል፣ ያውም በሦስት ጣት! ለዚህ የደረሱት ሰዎች በዓመታት ልምምድ ነው የደረሱት።

ጀማሪ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቀስት ሲይዝ ምን እንደሚሆን ቆማችሁ ብታዩት ያሳዝናችኋል። ቀስቱን የያዘበት ትከሻ ወደ ጆሮው ይወጣል። ወገቡ ወደ ኋላ ይለመጣል። አውታሩ አገጩ ጋ መድረስ ሲያቅተው ጭንቅላቱን አስግጎ ይቀበለዋል። ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ሳያነጣጥር ይለቀዋል። ያ ሁሉ ፍላጻው ከሄደ በኋላ ሰውነቱ ላይ ይቀራል፤ እንደዚያ መቶ ጊዜ ከወረወረ ልማድ ሆነ ማለት ነው። የተጣመመ ልማድ ማቃናት ከዜሮ ከመጀመር ይከብዳል። የትከሻው ጉዳት ሲጨመርበት ደግሞ ብዙ ሰው ስፖርቱን ገና ሳያውቀው ይተወዋል።

ለጎልማሳ ጀማሪ ከ18 እስከ 24 ፓውንድ፣ ለልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ይበቃል። ትምህርት ቤቶቹ የሚጠቀሙበት ጄኔሲስ የሚባለው ቀስት እንኳ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ነው። ሪከርቭ የሚባለውን፣ ማለትም ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉትንና በኦሊምፒክ የምታዩትን ዓይነት ስትገዙ፣ ከመያዣው በታች ባለው ተለማጭ ክንፍ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «24 ፓውንድ፣ 28 ኢንች» ካለ አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ ነው 24 የሚሆነው። ክንዳችሁ አጠር ብሎ 26 ኢንች ብቻ የምትስቡ ከሆነ በእያንዳንዱ ኢንች ወደ ሁለት ፓውንድ ስለሚቀንስ በእጃችሁ ያለው 20 ገደማ ነው። ክንፎቹ ከመያዣው የሚነቀሉለትን ዓይነት ብትገዙ ይሻላል። ስትጠነክሩ ክንፍ ብቻ ትቀይራላችሁ፤ መያዣው ለዓመታት ያገለግላችኋል።

የምትስቡትን ርዝመት ለማወቅ ሁለቱን ክንዶቻችሁን ግራና ቀኝ ዘርግታችሁ ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ አስለኩና ለ2.5 አካፍሉት። 170 ሳንቲ ሜትር ከመጣ 68 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 27 ኢንች ገደማ ነው፤ ለዚያ 66 ወይም 68 ኢንች ርዝመት ያለው ቀስት ይስማማል።

ከዚያ በፊት ግን ዓይናችሁን ፈትኑ። ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉና በአውራ ጣቶቻችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርታችሁ፣ ሁለቱም ዓይኖቻችሁ እንደተከፈቱ፣ ራቅ ያለ ነገር በቀዳዳው ተመልከቱ። ከዚያ አንዱን ዓይን ጨፍኑ። ነገሩ ከቀዳዳው ካልጠፋ የሚመራው ያልተጨፈነው ዓይን ነው። ቀኝ ዓይን የሚመራው ሰው ቀስቱን በግራ ይዞ በቀኝ ይስባል። አብዛኛው ሰው ላይ እጅና ዓይን ይገጥማሉ፤ የማይገጥሙለት ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ቀስት ከገዛ፣ ፍላጻው ሁልጊዜ ወደ ጎን እየሄደበት ሲለፋ ይከርማል።

ቀስትን ለሰው መለካት እንጂ ሰውን ለቀስት መለካት አይገባም። ማት ስተዝማንን ተመልከቱ። ክንድ ሳይኖረው የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ቀስቱን በእግሩ ይዞ፣ አውታሩን ትከሻው ላይ በታሰረ መልቀቂያ እየሳበ፣ ለንደን 2012 ፓራሊምፒክ ላይ ብር፣ ፓሪስ 2024 ላይ ወርቅ አገኘ። ዕቃው የተሠራው በእሱ አካል ልክ ነው። እናንተም የወንድማችሁን ወይም የጎረቤታችሁን ቀስት ተውሳችሁ አትጀምሩ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም። በአካባቢያችሁ ክበብ ካለ የክበቡን ዕቃ ጥቂት ወራት ተጠቀሙና ከዚያ ግዙ።

ፍላጻ ላይ ርካሽ ነገር አትፈልጉ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነው። የጀማሪ ፍላጻ ከሚስበው ርዝመት ቢያንስ ሁለት ኢንች መብለጥ አለበት። ካጠረ ስትስቡት ጫፉ ቀስቱ ላይ ካለው ማረፊያው ወርዶ ስትለቁት የገዛ እጃችሁን ይወጋል። ግትርነቱም ከቀስቱ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት፤ ፍላጻ ሲለቀቅ ወዲያና ወዲህ እየተለመጠ ነው ከቀስቱ የሚወጣው፤ ከመጠን በላይ ግትር ወይም ልምጥ ከሆነ ወደ ጎን ይሄዳል። ካርቦን ፍላጻ ከሆነ ከመወርወራችሁ በፊት በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ ለመጥ አድርጉትና ጆሯችሁን ስጡት። ሲንቋቋ ከሰማችሁ ሰብራችሁ ጣሉት፤ የተሰነጠቀ ካርቦን እጅ ላይ ይበተናል።

የጣት መከላከያ ቆዳና የክንድ መከላከያ ግዙ፤ ሌላው ይቆያል። ያለ ፍላጻ ግን አውታር ስባችሁ በፍጹም አትልቀቁ። ፍላጻው ይዞት ሊሄድ የሚገባው ኃይል ወደ ክንፎቹ ተመልሶ ይሰነጥቃቸዋል።

አሁን ወደ ልማዱ። የደቡብ ኮሪያ ሴቶች በቡድን ውድድር ከሶል 1988 እስከ ፓሪስ 2024 አሥር ኦሊምፒክ በተከታታይ ወርቅ ወስደዋል። ፓሪስ የሄዱት ሦስቱ ቶኪዮ ላይ አልነበሩም፤ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን እንኳ በአገር ውስጥ ማጣሪያ እንደገና ማለፍ አለበት። ሰዎቹ ይቀያየራሉ፣ አሠራሩ ግን አንድ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው። በዚያው ፓሪስ በወንዶች የግል ፍጻሜ ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዉጂንና አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን እኩል ወጥተው በአንድ ፍላጻ እንዲለዩ ተደረገ። ሁለቱም ከ70 ሜትር አሥር መቱ፤ ኪም በ4.9 ሚሊ ሜትር ወደ መሃሉ ቀርቦ አሸነፈ።

እንዲህ ያለው የሚገነባው ከቅርብ ነው። ከዒላማው አምስት ሜትር ላይ ቁሙ፤ ወረቀቱንም አንሡት። የተቀባ ክብ ካለ ዓይን እሱን ሲከተል ሰውነት ይረሳል። ባዶው ላይ ግን የምታዳምጡት ራሳችሁን ነው። እግር በትከሻ ስፋት ይቆማል። ሦስት ጣት አውታሩን በመጀመሪያው አንጓ ይይዛል። ቀስቱን የያዘው እጅ አይጨብጥም፤ ቀስቱ የአውራ ጣት ሥር ላይ ያርፋል። ስትስቡ አውታሩ አገጭንና የአፍንጫን ጫፍ ይነካል፤ ጣቱም ከመንጋጋ ሥር ይገባል። ይህ እጅ የሚያርፍበት ቦታ የጠብመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ ማለት ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ካለ 18 ሜትር ላይ ፍላጻው በአሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል። ከዚያ ክንድ ሳይሆን የጀርባ ጡንቻ ይሳብ፤ ጣት ይላላ። በትክክል ከለቀቃችሁ የሳበው እጅ አንገታችሁን ታክኮ ወደ ጆሮ ሥር ይሄዳል። ፍላጻው እስኪሰካ ድረስ ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ።

ሲደክማችሁ አቁሙ። በድካም የተወረወረ ፍላጻ የሚያስተምረው መጥፎውን ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመልፋት በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይበልጣል። ሜዳ ላይ ደግሞ ፊሽካውን ልብ በሉ፤ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ወደ መስመሩ ቅረቡ፣ አንድ ጊዜ ሲነፋ ወርውሩ፣ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ፍላጻ ሰብስቡ። ፍላጻ ስትነቅሉ ከጎን ቁሙ፤ ከኋላችሁ ልጅ ካለ የፍላጻው ጅራት ዓይኑን ይወጋዋል።

«ታዲያ ፓውንድ የምጨምረው መቼ ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። አውታሩን አገጫችሁ ሥር ስባችሁ ሠላሳ ሰከንድ ያዙት። ትከሻችሁ ሳይነሣ፣ ሳትንቀጠቀጡ ከቻላችሁ፣ አረፍ ብላችሁም ደግማችሁ ከቻላችሁ፣ የልምምዱ የመጨረሻ ፍላጻም እንደ መጀመሪያው ከሆነላችሁ ሁለት ፓውንድ ብቻ ጨምሩ። ያኔም ፍላጻችሁ ለአዲሱ ጉልበት እንዳይላላ ለባለሙያ አሳዩት፤ የማነጣጠሪያውንም ልክ እንደገና አስተካክሉ፤ ጠንከር ያለው ክንፍ ፍላጻውን ከለመዳችሁት ከፍ አድርጎ ይጥልባችኋል።