ድንጋዩ ከመንከባለሉ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ መኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1981 የሠራውን የመጀመሪያውን የኢንዲያና ጆንስ የጀብዱ ፊልም አየን። ሰውዬው የወርቁን ምስል ከማንሳቱ በፊት የአሸዋ ከረጢቱን በእጁ ይመዝናል፤ ጥቂትም ያፈሳል። ያኔ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። ኋላ ትልቁ ድንጋይ ሲንከባለል ያስጮኸን ያ ዝምታ ነው። አንዳንድ የዛሬ ፊልሞች ግን ከሩጫ ወደ ሩጫ ይዘላሉ፤ ልባችን ተንጠልጥሎ ሳለም ቀልድ ጣል አድርገው ፍርሃቱን ያጠፉታል።

እኛስ ብንሆን? ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ክፍል ጥያቄ ጠይቀን፣ ልጆቹ ሳያስቡበት መልሱን ራሳችን ተናገርን። ዝምታው አስፈርቶን ነበራ! አንዲት ልጅ እጇን ልታነሳ ስትል አይተናት ነበር፤ አልጠበቅናትም። ሰኞ ስንመለስ እንጠብቃታለን።