ሐዋሳ በፎቶ ካሜራ ቪዲዮ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ሐዋሳ ከደረሳችሁ፣ በማለዳ ተነሥታችሁ አሞራ ገደልን ሳታዩ አትመለሱ። ዓሣ አጥማጆች ሌሊት የያዙትን በጀልባ ወደ ሐይቁ ዳር ያመጣሉ፤ ወጣቶች ቁጭ ብለው ዓሣውን በቢላዋ ይገፍፋሉ፤ ረጃጅሞቹ አባ ኮዳዎች ደግሞ ትርፍራፊ እስኪጣልላቸው ቆመው ይጠብቃሉ።

ከባለቤቴ ጋር አማቴን ይዘን በሄድን ጊዜ፣ እማማ አሞራዎቹን አይተው፣ «እነዚህ ደግሞ የማንን ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው?» ብለው ሳቁ። ይህን ሳቅ ፎቶ አይዘውም። ባለቤቴ የያዛት ትንሽ ዲጂታል ፎቶ ካሜራ ግን ቪዲዮም ትቀርጽ ነበርና 40 ሰከንድ ያህል ያዘችው። እማማ ከዚያ ጉዞ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ወደ ጌታ ሄዱ። ፎቶአቸው ብዙ ነው፤ ድምፃቸው ያለው ግን በዚያች 40 ሰከንድ ብቻ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ስልክ ቪዲዮ ይቀርጻል። ቢሆንም በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው የፎቶ ካሜራ አሁንም ይሠራልና ለጉዞ ብትይዙት እነዚህን አስቡ።

የሐይቁ ነፋስ ድምፅን ይሸፍናል። የካሜራው ማይክሮፎን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ናትና ነፋሱን በሰውነታችሁ ከልላችሁ፣ ወደሚናገረው ሰው አንድ ሜትር ያህል ቅረቡ። በብዙ የቆዩ ካሜራዎች ቀረጻ ከተጀመረ በኋላ ዙም አይሠራም፤ ስለዚህ በእግር መቅረብ ይሻላል። ካሜራውን እንደ ቁም ፎቶ አታቁሙት፤ ቪዲዮው በቴሌቪዥን ላይ በጎኑ ተኝቶ ሊታይ ይችላል። ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠግታችሁ ያዙ፤ ወደ ሌላ ከመዞራችሁ በፊትም እስከ 10 ቁጠሩ።

ብዙዎቹ የቆዩ ካሜራዎች እያንዳንዱን ምስል እንደ አንድ ፎቶ ስለሚያስቀምጡ ካርዱ ቶሎ ይሞላል። 30 ደቂቃ ሊሞላ ሲል የሚያቆሙም አሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የአውሮፓ የጉምሩክ ደንብ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጸውን እንደ ቪዲዮ ካሜራ ቆጥሮ ቀረጥ ይጥልበት ስለነበር ነው። ሌንሳቸው የሚቀያየር ትልልቆቹ ፎቶ ካሜራዎችማ ቪዲዮ መቅረጽ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2008 በኒኮን ዲ90 ነበር።

ዓሣ አጥማጆቹን ከመቅረጻችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ፣ ፈቃድም ጠይቁ። እንጀራቸውን የሚያበስሉ ሰዎች ናቸው እንጂ ትርኢት አይደሉም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ሁልጊዜ አንዳችሁ ብቻ ቀራጭ አትሁኑ። በብዙ ቤት የአባት ድምፅ ከካሜራው ጀርባ ይሰማል፤ ፊቱ ግን የለም። ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስትናፈሱ ካሜራውን ተቀባበሉ፤ ከዚያም አጥፍታችሁ በኪሳችሁ ክተቱትና ተጨዋወቱ። ቤት ስትገቡ ቀረጻውን በሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉም አብራችሁ እዩት።