ጎማው ይተልቅ፣ ሞላው ይለስልስ

ብስክሌት ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ የማርሹን ብዛት ይጠይቃል። «ባለ 21 ነው» ሲባል ይረካና ወደ ዋጋው ይገባል። ወገቡን፣ የእጁን አንጓና ጉልበቱን ለዓመታት የሚጠብቁለት፣ አለዚያም በሁለት ወር የሚያስመርሩት ሁለት ነገሮች ግን ሌሎች ናቸው፦ የጎማው ትልቀትና የሞላው ጥራት።

«ይሄ የስፖርተኞች ጉዳይ ነው» የሚል ይኖራል። ድሮ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የታክሲ ሒሳብም አብሮ ወጥቷል። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለእግረኛና ለብስክሌት ሲለቀቁ እንደ እሁድ መዝናኛ ይታይ የነበረው ነገር፣ ዛሬ ለደመወዝተኛው የወር ወጪ ስሌት ሆኗል።

ችግሩ ለስላሳው መስመር ያለው ዋናው አስፋልት ዳር መሆኑ ነው። ሰው የሚኖረው ግን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። መጀመሪያ ኮብልስቶን፣ ከዚያ የተቦረቦረ አፈር፣ ከዚያ ክረምት የቆረጠው ቦይ፣ ከዚያ ዳገት። በዚያ ላይ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ትንፋሽ ራሱ በቁጠባ ነው። ብስክሌቱ መመረጥ ያለበት ለዚያች ለመጨረሻዋ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

ለመሆኑ ገበያውን ለዓመታት የሞላው ባለ 26 ኢንች ጎማ ከየት መጣ? ለተራራ ተብሎ ተጠንቶ የተመረጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ጥቂት ወጣቶች ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ የቀሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸው አሮጌ ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ ተራራ ይወርዱባቸው ጀመር። በጥቅምት 1976 የጀመሩት ውድድር «ሪፓክ» ተባለ። ስሙ የመጣው ከኋላው ሞዞ ነው፤ ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ፍሬኑ ግሎ ግራሶውን ስለሚያቃጥለው እንደገና መሙላት ግድ ነበር። እነዚያ አሮጌ ብስክሌቶች ባለ 26 ነበሩ። በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ የቶም ሪቺን ፍሬም ይዘው የተራራ ብስክሌት መሸጥ ሲጀምሩም ልኩ እዚያው ቀረ፤ ወፍራም ጎማና ቸርኬ እንደ ልብ የሚገኘው በዚያ ልክ ነበርና። አጋጣሚው ልማድ፣ ልማዱ ደግሞ ሕግ ሆነ።

ለተራራ የሚሆን ባለ 29 ጎማ ብቅ ያለው በ1999 ነው። ብዙ ተወዳዳሪዎች ከባድና ግዙፍ ነው ብለው ለዓመታት ሸሹት። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ ከፊትም ከኋላም ሞላ ባለው ባለ 29 ብስክሌት ስዊዘርላንዳዊውን ኒኖ ሹርተርን በመጨረሻዋ ቅጽበት ቀድሞ ወርቅ ሲወስድ ግን ክርክሩ እየተዘጋ መጣ። ሹርተር ራሱ በ2016 ሪዮ ላይ ወርቁን ያገኘው በባለ 29 ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የባለ 26 ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር፣ የባለ 29 ደግሞ 622 ነው። ልዩነቱ 6 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ጎማው በተለቀ ቁጥር ድንጋዩን የሚገጥምበት ማዕዘን ይቀንሳል፤ ትንሹ ጎማ ተጋጭቶ ሲቆም ትልቁ ተንፏቆ ያልፋል። ጉድጓድ ውስጥም ያን ያህል አይሰምጥም። አንድ ድንጋይ ላይ ልዩነቱ ጥቂት ነው። በቀን ሺህ ድንጋይ ላይ ግን ወገብ ይቆጥረዋል።

ሞላው ጋ ስንደርስ ገበያው የሚያታልለው እዚህ ነው። በርካሽ ዋጋ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ብስክሌት ሲታይ ያማልላል። ነገሩ ግን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ርካሹ የኋላ ሞላ ክብደት ይጨምራል፤ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር እየተነጠረ ዳገት ላይ የሚያስፈልገውን ጉልበት ይበላል፤ መጋጠሚያው ቶሎ ይላላል። በዚያው ገንዘብ የኋላው ደረቅ የሆነ፣ የፊት ሹካው ግን በወጉ የሚሠራ ብስክሌት መግዛት ይበልጣል።

በወጉ የሚሠራ ማለት ምን ማለት ነው? የፊት ፍሬን ተይዞ መሪው በኃይል ወደ ታች ሲገፋ ሹካው ሳይንቋቋ ይወርዳል፤ ሲለቀቅም እንደ ኳስ አይነጥርም፣ ረጋ ብሎ ይመለሳል። ጋላቢው ሲቀመጥበት ደግሞ ከሙሉ እንቅስቃሴው ሩብ ግድም መውረድ አለበት። 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ 25 ያህሉ ማለት ነው። ምንም የማይወርድ ሹካ ጌጥ ነው። እስከ ጥግ የሚወርድ ደግሞ ለዚያ ሰው ክብደት አልሆነም። በአየር የሚሠራው እንደ ጋላቢው ክብደት ስለሚስተካከል ይመረጣል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። አቅም ካልፈቀደ ከሁሉ ርካሹ ሞላ ጎማው ራሱ ነው። ወፍራም ጎማ፣ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ሳይወርድ፣ ነፋሱ ትንሽ ቀነስ ሲል ኮብልስቶኑን ይውጠዋል።

ባለ 29 ለሁሉም ነው ማለትም አይደለም። ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ60 በታች ለሆኑ፣ በተለይ ለብዙ ሴቶችና ለወጣት ተማሪዎች፣ ባለ 27.5 ከትንሽ ፍሬም ጋር ይስማማል። ቆሞ ሲታቀፍ ፍሬሙን የማያልፍ ሰው ድንገት ሲያቆም ይወድቃል። መለዋወጫም አለ። የሰፈሩ ጎሚስታ የባለ 26 ጎማ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ ገዢው ትርፍ የውስጥ ጎማና አንድ የውጭ ጎማ አብሮ ቢይዝ ይሻለዋል።

አንድ መምህር እንበል። ወገቡን ያመዋል፤ የሦስት ወር ቁጠባ ይዞ ሱቅ ገብቷል። «ባለ ሁለት ሞላ ነው፣ አዲስ ነው» ተብሎ የማይሆነውን ቢገዛ ሁለት ወር ነድቶ ግቢው ውስጥ ያስደግፈዋል፤ ወደ ታክሲ ሰልፉም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ «እዚህ አገር ብስክሌት አይሆንም» የሚል ምስክር ይሆናል። ለብስክሌት የተሠሩ መስመሮች ባዶ ሆነው ሲታዩ «ሰው አልፈለጋቸውም» ከማለት በፊት፣ ሰው ምን ዓይነት ብስክሌት እየተሸጠለት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። መንገድ የሚሠራው አካል ስለ መንገዱ እንደሚጨነቀው፣ ስለሚገባው ዕቃ ጥራትም የሚጨነቅ ያስፈልጋል።

እስከዚያው መምህሩ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ መታወቂያውን አስይዞ ብስክሌቱን ሁለት መቶ ሜትር ኮብልስቶን ላይ እንዲነዳው። የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፍ።