ተሸናፊ ይከፍላል

እኛ ልጆች ሳለን የቴሌቪዥን ጨዋታ ያስገርፍ ነበር፤ ዛሬ ያስከስሳል። ያኔ ጆይስቲክ ጨብጦ የተገኘ ልጅ ጆሮው ተይዞ ወደ ቤቱ ይነዳል። በጁን 2023 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች ልቁጠረውና) ከረባት ያሰሩ ጠበቆች ሳን ፍራንሲስኮ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርበው፣ አንድ የተኩስ ጨዋታ በየትኛው ማሽን ላይ ይኑር፣ በየትኛው አይኑር እያሉ አምስት ቀን ተሟገቱ። ማይክሮሶፍት ጨዋታ ሠሪውን አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ በማለቱ የተነሣ ሙግት ነው። እናቶቻችን «ይሄ ነገር ነገ ምን ያበላሃል?» ሲሉን መልስ አጥተን አንገታችንን እንደፋ የነበርን ሰዎች፣ ያን ቁጥር ስንሰማ ቀና ማለታችን አልቀረም። ቀና ብለን ግን ብዙ አልቆየንም።

የእኛ ዘመን ጌም ቤት ብዙውን ጊዜ ከሰው ግቢ አጥር ተጠግታ የተሠራች ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ደጃፏ ላይ ጆተኒ ይቆማል፤ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር። ሕጉ አጭር ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቆያል፣ ተረኛ ይገባል። ጭቅጭቅ ከተነሣ ባለቤቱ ጋሼ ሶኬቱን ነቅለው ይፈርዳሉ፤ ይግባኝ የለም። ጨዋታውን ማን እንደሠራው ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም የለም። ሲዲው ኮፒ ነው፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ የተጫረ ስም አለ፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው።

ትንሽ ከፍ ስንል የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች በየሰፈሩ ተከፈቱ። ቀን ዎርድና ኤክሴል የሚማሩባቸው ማሽኖች፣ ሲመሽ በኬብል ተያይዘው የስታርክራፍት የጦር ሜዳ ይሆኑ ነበር። ኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነገር አለ። ብሊዛርድ በ1998 ያን ጨዋታ ሲያወጣ፣ አንድ ሲዲ የገዛ ሰው በጓደኞቹ ማሽን ላይ ቁንጽል ቅጂ ጭኖ አብሯቸው እንዲጫወት ራሱ ፈቅዶ ነበር። የእኛው ሲዲ በዚያ ፈቃድ ውስጥ የሚገባ ባይሆንም፣ ሠሪዎቹ አንድ ነገር እንደገባቸው ያሳያል፤ ጨዋታ ያለ ጓደኛ ጨዋታ አይሆንም። ጓደኛን አብሮ ማስገባት የሽያጭ ኪሳራ ተደርጎ አልተቆጠረም።

የአክቲቪዥን አነሣስ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አለን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ የአታሪ ፕሮግራመሮች ነበሩ። ከኩባንያው ሽያጭ ትልቁን ድርሻ የሚያመጡት እነሱ የሠሯቸው ጨዋታዎች መሆናቸውን ደረሱበት። ደመወዛቸው ግን የተራ ሠራተኛ ነው፤ ስማቸውም ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። አለቃቸው ሬይ ካሳር ዘንድ ገብተው ጠየቁ። ክሬን ደጋግሞ እንዳወራው፣ ያገኙት መልስ «እናንተ ካሴቱን ከሚገጣጥመው ሠራተኛ አትበልጡም» የሚል ይዘት ነበረው። ጥለው ወጡና በ1979 ከጂም ሌቪ ጋር አክቲቪዥንን መሠረቱ። በዚያው ሰሞን ሌላው የአታሪ ሰው ዋረን ሮቢኔት፣ ስሙን በገዛ ጨዋታው ውስጥ በአንድ ስውር ክፍል ደብቆ አስቀምጧል። ሰው በሠራው ሥራ ላይ ስሙን እንደ ሌባ የሚሸሽግበት ዘመን ነበር።

አዲሱ ኩባንያ የሠሪውን ስምና ፎቶግራፍ ከመመሪያው ላይ አተመ። ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገበ ልጅ የቴሌቪዥኑን መስኮት ፎቶ አንሥቶ በፖስታ ከላከ፣ ልብሱ ላይ የሚሰፋው የጨርቅ ዓርማ ይላክለታል። አታሪ ከሰሳቸው፤ ነገሩ በ1982 በስምምነት አለቀ። ከዚያ ወዲህ የማሽን ባለቤት ያልሆነ ሁሉ ለማሽኑ ጨዋታ ሠርቶ መሸጥ የሚችልበት በር ተከፈተ። እንግዲህ አክቲቪዥን የተወለደው የማሽኑ ባለቤት የጨዋታውም የሠሪውም ጌታ መሆን የለበትም ብሎ ነው። በ43ኛ ዓመቱ የማሽን ባለቤት ሊገዛው መጣ።

በመካከሉ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2008 ብሊዛርድን ይዞ ከነበረው ከቪቬንዲ የጨዋታ ክፍል ጋር ተዋህዶ አክቲቪዥን ብሊዛርድ ሆነ። በ2016 የካንዲ ክራሽን ሠሪ ኪንግን በ5.9 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2021 የካሊፎርኒያ መንግሥት በሴት ሠራተኞች ላይ በደል ተፈጽሟል ብሎ ከሰሰው። በጃኑዋሪ 2022 ማይክሮሶፍት የግዢ ሐሳቡን ይፋ ሲያደርግ፣ ያ ክስ ገና እልባት አላገኘም ነበር።

ተቆጣጣሪዎቹ የፈሩት ግልጽ ነበር። የኤክስቦክስ ማሽን ባለቤት ማይክሮሶፍት የአክቲቪዥንን የተኩስ ጨዋታ ኮል ኦፍ ዱቲን እጁ ካስገባ፣ ነገ ከሶኒ ማሽን ከፕሌይስቴሽን ይነጥቀዋል፤ ወይም እዚያ ያለውን ቅጂ ያሽመደምደዋል። ለዚህም ማይክሮሶፍት ከዚያ በፊት ሌላውን ጨዋታ ሠሪ ዜኒማክስን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ ስታርፊልድ የተባለውን ጨዋታ ፕሌይስቴሽን እንዳይደርስ ማድረጉ እንደ ማስረጃ ቀረበ። በሊና ካን ይመራ የነበረው የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዲሴምበር 2022 ከሰሰ። የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በአፕሪል 2023 ግዢውን ከለከለ፤ እሱን ያስጨነቀው ከሩቅ ሰርቨር በኢንተርኔት የሚለቀቀው ጨዋታ በአንድ እጅ መግባቱ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በሜይ 2023 በግዴታ ፈቀደ፤ ግዴታውም ጨዋታዎቹ በሌሎች የኢንተርኔት አገልግሎቶች ላይ ለ10 ዓመት ክፍት እንዲሆኑ ነው።

ሙግቱን በሩቅ የተከታተልን ሰዎች ያልጠበቅነውን ቧልትም አይተናል። ሶኒ ካቀረባቸው ሰነዶች ውስጥ ምስጢር የሆኑት ቁጥሮች በጥቁር ማርከር ተሠርዘው ነበር፤ ወረቀቱ ስካን ሲደረግ ግን ከቀለሙ ሥር ይነበባሉ። ዘ ላስት ኦቭ አስ የተባለው ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀ ዓለም ያወቀው በዚያ ማርከር ነው። የያኔው የኤክስቦክስ ኃላፊ ፊል ስፔንሰር ኮል ኦፍ ዱቲ ፕሌይስቴሽን ላይ እንደሚቆይ በመሐላ ተናገሩ። ዳኛ ጃክሊን ስኮት ኮርሊ በጁላይ 11 ግዢውን የሚያግድ ምክንያት አልቀረበም ብለው ወሰኑ። በቀናት ውስጥ ሶኒም ኮል ኦፍ ዱቲን ለማቆየት የ10 ዓመት ስምምነት ፈረመ። የብሪታንያም ተቃውሞ፣ በ15 ዓመት ውስጥ የሚወጡትን ጨምሮ የጨዋታዎቹ የኢንተርኔት ልቀት መብት ለዩቢሶፍት ሲተላለፍ ረገበ። በኦክቶበር 13፣ 2023 ግዢው ተፈጸመ። የአሜሪካው ኮሚሽን ይግባኝ ብሎ በ2025 ተረታና መዝገቡን ዘጋ።

እና ምን ሆነ? የተፈራው አልመጣም። ኮል ኦፍ ዱቲ ዛሬም ፕሌይስቴሽን ላይ አለ። ጭራሽ ማይክሮሶፍት የራሱን ጨዋታዎች ተራ በተራ ወደዚያ አሻገረ፤ ሲ ኦቭ ቲቭስ በ2024፣ ፎርዛ ሆራይዘን 5 በ2025፤ የኤክስቦክስ መለያ የነበረው ሄሎም እንደሚከተል ተነገረ። በሦስት ከተማ የተሰበሰቡ አዋቂዎች ሲጠብቁት የነበረው በር አልተነካም።

የተነካው ሌላ በር ነው። ግዢው አራት ወር ሳይሞላው፣ በጃኑዋሪ 2024፣ ከማይክሮሶፍት የጨዋታ ክፍል 1,900 ሰው ተሰናበተ። ብሊዛርድ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ አዲስ ጨዋታ ተሰረዘ። ኮሚሽኑ «ሁለቱ ኩባንያዎች ለየብቻ ይሠራሉ ተብሎ አልነበረም ወይ?» የሚል ደብዳቤ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጻፈ፤ ማይክሮሶፍትም አክቲቪዥን ቀድሞውንም ሰው ሊቀንስ አስቦ ነበር ሲል መለሰ። በሜይ አርኬን ኦስቲንና ታንጎ ጌምወርክስ የተባሉት የኩባንያው ስቱዲዮዎች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ታንጎን ኋላ ሌላ ኩባንያ አነሣው። በሴፕቴምበር 650 ሰው ተሰናበተ፤ በጁላይ 2025 ደግሞ ከማይክሮሶፍት በጠቅላላ 9,000 ገደማ፣ የጨዋታ ሠሪዎችም በብዛት ያሉበት። በየወሩ ተከፍሎ የሚጫወቱበት የማይክሮሶፍት አገልግሎት፣ የጌም ፓስ፣ ከፍተኛው ደረጃ ሙግቱ በተሰማበት ሰሞን በወር ከ14.99 ዶላር ወደ 16.99 ወጣ፤ በ2024 ወደ 19.99፤ በኦክቶበር 2025 ወደ 29.99። በሁለት ዓመት ከሩብ ውስጥ እጥፍ ማለት ነው።

በእኛ ጌም ቤት ሕግ ብንፈርደው ይህ ሒሳብ አይገባም። ማይክሮሶፍት አሸነፈ፤ ቆየ። ኮሚሽኑ ተሸነፈ፤ ከኪሱ የወጣ የለም። ሶኒ በሙግቱ ባይረታም ባያሸንፍም የ10 ዓመት ዋስትናውን ይዞ ሄደ። የአክቲቪዥን አለቃ ቦቢ ኮቲክ በ2023 መጨረሻ ሥራቸውን ለቅቀው ሲወጡ፣ እንደ ማንኛውም ባለአክሲዮን ለአንዱ አክሲዮን 95 ዶላር ተከፍሏቸው ነው። የከፈሉት ጆይስቲኩን ያልነኩት ናቸው፦ ጨዋታውን የሠሩትና በየወሩ የሚከፍሉት። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ለሌሎች ጨዋታ ቢከፍል፣ ጋሼ ሶኬቱን ይነቅሉት ነበር።

ለእውነት ያህል፣ ለሠራተኛው ያሰበ አልነበረም አይባልም። የአሜሪካ የመገናኛ ሠራተኞች ማኅበር ግዢውን ደግፎ ነበር፤ ምክንያቱም ማይክሮሶፍት ሠራተኞች ቢደራጁ ጣልቃ እንደማይገባ በ2022 ፈርሞለታል። ቃሉም ፍሬ ሰጠ፤ በኩባንያው ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታ ሠሪዎች ተደራጅተዋል። ከካሳር ቢሮ አንገታቸውን ደፍተው የወጡት አራቱ ልጆች ያልነበራቸው ነገር ነው። እነሱ የነበራቸው ሌላ ነው፤ ሲከፋቸው ጥለው የሚወጡበትና ትንሽ ቤት ከፍተው የሚሠሩበት ሜዳ። 220 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ጨዋታ ግን አራት ሰው ተጠራርቶ በኪራይ ክፍል አይጀምረውም። ማኅበር የሚያስፈልገውም መውጫው ስለጠበበ ይመስለኛል።

እኛስ? በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ «ሸማች» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ተነሣ! ሸማቹ አሜሪካዊ፣ ብሪታንያዊ ወይም አውሮፓዊ ነው። አዲስ አበባ ያለው ተጫዋች በማንም የገበያ ካርታ ላይ አልነበረም። ይህን በደንብ ያሳየን ስለ ተጫዋች ምርጫ ሲሟገት የነበረው ሶኒ ራሱ ነው። በሜይ 2024 ሶኒ ያሳተመውን ጨዋታ ሄልዳይቨርስ 2ን በኮምፒውተር የሚጫወት ሰው ሁሉ የፕሌይስቴሽን መለያ ይክፈት የሚል ትእዛዝ ወጣ። መለያው በይፋ የማይሰጥባቸው ከ170 በላይ አገሮች ነበሩ፤ ከአፍሪካ ከደቡብ አፍሪካ በቀር የተቆጠረ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጨዋታው በእነዚያ አገሮች ከሽያጭ ወረደ። ተጫዋቾች ጮኹ፤ ትእዛዙ በቀናት ውስጥ ተነሣ። ያኔ በእስክሪብቶ ስሙ የተጫረበት ሲዲ አገርህ የት ነው ብሎ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ገንዘቡን ይዘህ ብትመጣም፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የሀገርህን ስም ፈልገህ ታጣዋለህ።

በ2025 ደግሞ ኤሌክትሮኒክ አርትስን የሳዑዲ መንግሥት የመዋዕለ ንዋይ ፈንድና ሸሪኮቹ በ55 ቢሊዮን ዶላር ሊገዙ መስማማታቸው ተሰማ፤ የእግር ኳስ ጨዋታችን ሠሪ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግዢ በመጣ ቁጥር የሚጠየቀው ጨዋታው በየትኛው ማሽን ላይ ይገኛል የሚለው ነው። መጠየቁ መልካም ነው፤ ተጠይቆም ኮል ኦፍ ዱቲ የ10 ዓመት ዋስትና አግኝቷል። ለሚሠሩት ሰዎች እንጀራና ለሚከፍሉት ተጫዋቾች ዋጋ ግን የአንድ ዓመት እንኳ የፈረመ አልተገኘም።