የሴቶቹ ልጆች ሜዳ

ስለ ኮሮና ጊዜ ሲነሳ የሚወራው ስለ ጭምብል፣ ስለ ሳኒታይዘርና ስለ ሥራ መቀዝቀዝ ነው። ከእኔ ውስጥ አልወጣ ያለው ግን የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። በተለይ የሴቶቹ።

የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 7 ላይ ትምህርት ቤቶች፣ ስፖርታዊ ውድድሮችና ስብሰባዎች ለ15 ቀን ይቁሙ ተባለ። ወር ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መጨባበጥም ቀረ። 15 ቀን የተባለው ለገጠር ተማሪ እስከ ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ዘለቀ። ሰባት ወር!

ክልከላው ስህተት ነበር አልልም። የበሽታውን ነገር በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም፤ በመንዝና በመርሐቤቴ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወይም ከዓለም ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት መድረስ ራሱ ፈተና ነው። መጠንቀቅ ይገባ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው።

በእኛ ቀዬም ሆነ በመላው የመንዝ ደጋ፣ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ወንድ ልጅ ሜዳ አይዘጋበትም። በጎቹን ይዞ ይወጣል፣ ጨርቅ ጠቅልሎ ኳስ ይሠራል፣ ገና ሲደርስ ቆልማማ ዱላ ቆርጦ ሩር ሲመታ ይውላል። የሴቷ ቀን እንዲህ አይደለም። ውሃው፣ ኩበቱ፣ ምጣዱ፣ የሚታዘለው ሕፃን አለ። ስትሮጥ ከታየች «ምን ያንቀለቅላታል?» ትባላለች። ማንም ሳይነቅፋት የምትሮጥበት ሰዓት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር። መምህሩ ፊሽካ ከነፋ እናትም ጎረቤትም ምንም አይሉም፤ ትምህርት ነዋ!

ያንን ክፍለ ጊዜ አይቼዋለሁ። በሁለት ባሕር ዛፍ መሀል ገመድ ይወጠራል። ልጆቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ኮንጎ ጫማቸውን ድንጋይ ላይ ደርድረው፣ ውርጩ ገና ባልለቀቀው ሣር ላይ በባዶ እግራቸው መረብ ኳስ ይጫወታሉ። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ አንገቷን የምትደፋ ልጅ «ለኔ! ለኔ!» እያለች ትጮሃለች።

ትምህርት ሲከፈት ተማሪው ተከፋፍሎ፣ ጭምብል አድርጎ፣ ተራርቆ ተቀመጠ። ሒሳቡም ሳይንሱም ተመለሰ። እኔ በማውቀው ትምህርት ቤት ግን ኳሷ ዕቃ ቤት ውስጥ እንደተቆለፈባት ቀረች፤ የስፖርቱ ሰዓት ያመለጠው ትምህርት ማካካሻ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ ተጀምሮ በዲኤስቲቪ ይታይ ነበር። ጥር 2 ደግሞ በአዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ተካሄደ። መካሄዱ ደስ ብሎኛል። ግን በጥንቃቄ ለተጫዋቾቹና ለሯጮቹ የተቻለው፣ ነፋስ እንደልቡ በሚነፍስበት በመንዝ ሜዳ ለ12 ዓመት ልጅ ስለምን አልተቻለም? ከዝግ ክፍል ይልቅ ደጅ የተሻለ መሆኑ እኮ በዚያን ጊዜ ታውቆ ነበር።

ውሃ መቅዳትም እንቅስቃሴ ነው የሚለኝ አይጠፋም። 20 ሊትር ጀሪካን አዝሎ ዳገት መውጣት ጨዋታ አይደለም። ጨዋታ ልጅቷ ራሷ ፈቅዳ የምትደክምበት፣ እንደ እኩዮቿ ልጅ መሆኗን የምታይበት ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው በእነዚያ ወራት ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንደበዛ በክልላችን በሰፊው ተነግሯል። ልጅነቷ በሰው ፊት የሚታይበት ቦታ ሲጠፋ «ደርሳለች» ለማለት እንደሚቀል ይሰማኛል።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጦርነት ወደ አካባቢያችን መጣ፤ ትምህርት ቤቶቻችን ደጋግመው ተዘጉ። በተከፈቱ ቁጥር መጀመሪያ የሚሠዋው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ምክንያቱ «ፈተና ደረሰ» ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፦ ልጆቹ ከፍርሃትና ከቤት ውስጥ ሥራ ጫና ሲመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ገመዱ ይወጠር፣ ኳሷ ትውጣ።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። በትምህርት ቤታችሁ የሴቶቹ የስፖርት ሰዓት አሁን አለ? ኳስ አላቸው? ከሌላቸው ስንት እንደሚያስፈልግ ንገሩኝ፤ እኛ የአገር ልጆች አዋጥተን እንልካለን።