«የእግዜር ሥራ»

በዚህ ገጽ ስለ በጀትና ስለ ምርጫ ማንበብ የለመዳችሁ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ስለ መብረቅ ልጽፍ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ጥቂት ታገሡኝ።

መብረቅን ፎቶግራፍ ማንሣት ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሙያዬ አይደለም፤ የምሽት ፍቅሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ዊልያም ጄኒንግስ የተባለ የፊላደልፊያ ሰው ከመጀመሪያዎቹ የመብረቅ ፎቶግራፎች አንዱን ሲያነሣ የገጠመው ችግር ዛሬም አልተለወጠም፤ ብልጭታውን አይቶ የሚጫን ጣት ምንጊዜም ይዘገያል። ስለዚህ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያው ላይ አጽንቼ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍቼ፣ ከተዘጋ መስኮት ኋላ ሆኜ (ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁም ሊደርስ ይችላልና) ሌንሱን ወደ ቢሾፍቱ አቅጣጫ ለ20 ወይም ለ30 ሴኮንድ ከፍቼ እተወዋለሁ። መብረቁ መጥቶ ራሱን ይጽፋል። አብዛኛው ሥዕል ግን ባዶ ጨለማ ነው። ወዳጆቼ ይሥቁብኛል፤ የአገራችንን ፖለቲካ ለሚከታተል ሰው ግን እንዲህ ያለው ትዕግሥት እንግዳ አይደለም።

ፎቶግራፉ የሚያሳየው ዓይን የማይደርስበትን ነው። ቅርንጫፎቹ ቁልቁል ከተዘረጉ መብረቁ ከደመና የወረደ ነው፤ ሽቅብ ከተዘረጉ ከረጅም ማማ ወይም ፎቅ የተነሣ ነው። በሁለቱም መንገድ ከፍ ብሎ የቆመ ነገር ይቀድማል። በከተማ ያ ነገር የመብረቅ መከላከያ ዘንግ የተተከለበት ፎቅ ነው። በገጠር ግን ብቸኛው ዛፍ ነው፤ እረኛውም ከዝናብ የሚጠለለው እዚያው ሥር ነው።

በአንድ የደጋ ወረዳ እንዲህ ያለ ጽድ አይቻለሁ። ልጡ ከጫፍ እስከ ሥር ተልጧል። ከሥሩ ተጠልሎ የነበረ እረኛ ልጅ ሞቷል። እናቱ ቀይ ሹራብ የገዛሁለት እኔ ነኝ እያለች ራሷን ትረግማለች። «እኅቴ፣ መብረቅ ቀለም አይመርጥም» አልኋት። «አንቱ ተምረዋል፤ ልጄ ግን ቀይ ነበር የለበሰው» አለችኝ። በወደቀበት ጊዜም የነካው አልነበረም፤ እሳቱ ይተላለፋል ተብሎ ተፈርቶ። በመብረቅ የተመታ ሰው በገላው የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ልቡ የቆመውን ደረቱን ወዲያው ደጋግሞ በመጫን ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ይህን በዚያ መንደር የነገራቸው አልነበረም።

የወረዳው ሹም «የእግዜር ሥራ ነው፤ መንግሥት ከሰማይ ጋር ይጣላ?» አሉኝ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መብረቅ በየዓመቱ በአማካይ ከ300 በላይ ሰዎች ይገድል ነበር። ሕዝቧ ከእጥፍ በላይ በጨመረበት በዚህ ዘመን ቁጥሩ ወደ 20 ገደማ ወርዷል። ሰማዩ ያው ሰማይ ነው። የተለወጠው ሜዳ ላይ የሚውለው ሰው መቀነሱ፣ ቤቱ መጽናቱ፣ ማስጠንቀቂያውና ሕክምናው መድረሱ ነው። ይህ ሁሉ በጀት ይባላል።

ጽዱ አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት አለ። ከቆርቆሮ ጣራው ወደ መሬት የሚወርድ አንዲት ሽቦ የለውም። ዘንግና ሽቦ በየትኛው የበጀት መደብ እንደሚጠየቅ ርእሰ መምህሩን ብጠይቃቸው፣ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም አሉኝ።